ጀማሪውን እናውቃለን፤ አደራጁስ ማነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የማወራችሁ፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በየመስመሩ "እ.ኤ.አ." እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ የውጭውን ታሪክ ስናገር ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስናገር "ዓ.ም." እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ገጽ ላይ ስለ አንድ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ታሪክ ጽፌ ነበር። "ጋሼ፣ ያቺን ጽሑፍ ለመመረቂያ ጽሑፌ ፈልጌ አጣኋት፤ ሊንኳን ይልኩልኛል?" አለችኝ። እሺ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ወደ ታች ስወርድ፣ ስወርድ... የልደት መልካም ምኞት፣ የኳስ ክርክር፣ የሰው ለቅሶ፣ የራሴ ፎቶ። ሁለት ምሽት ፈልጌ ላገኛት አልቻልኩም። የቆጨኝ ደግሞ ጽሑፏ ብቻ አይደለችም። ከሥሯ ከጽሑፏ የሚበልጡ አስተያየቶች ነበሩ። አንድ አባት ስህተቴን አርመውኝ ነበር፣ አንድ ሌላ ሰው የማላውቀውን ነገር ጨምሮልኝ ነበር። እሱም አብሮ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት።

*

የጠፋችው ጽሑፍ ስለ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ "መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ" ነበረች። ግዕዝ የሚማር ሰው ያለዚህ መጽሐፍ ብዙ ርቀት አይሄድም። ታሪኩን ባጭሩ ልድገመው፤ ለዛሬው ወሬ መሠረቱ እሱ ነውና።

ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ለኅትመት ሳያበቁት አረፉ። በኢየሩሳሌም ከእሳቸው የተማሩት ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት። ለብዙ ዓመታት ሲያርሙት፣ ሲያሰፉት፣ ሲያስተካክሉት ኖሩ። እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. አረፉ፤ ሥራውን ግን ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ሰጥተው ነበር። ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው አዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ከመምህራቸው ዕረፍት 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የራሳቸውን "ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት" ያወጡት ከዚያም በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የሰው አደራ፣ ቀጥሎ የራስ ሥራ።

ሦስት ትውልድ፣ አንድ መጽሐፍ። አንዱ ጀመረ፣ አንዱ አስፋፋ፣ አንዱ ሰብስቦና አደራጅቶ ለእኛ አደረሰ። ሦስተኛው ሰው ባይኖር ኖሮ የሁለቱ ድካም ምን ይሆን ነበር? አንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት።

መጽሐፉን ገልጣችሁ የምታውቁ ደግሞ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ሀ ለ ሐ መ ብሎ ቃል የሚፈልግ ሰው ግራ ይጋባል። አደራደሩ በ አ በ ገ ደ ነው። ቃሉም የሚገኘው በሥሩ፣ በግሱ በኩል ነው። ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት አንባቢ ለማስቸገር ሳይሆን ስለ ፊደልና ስለ ግስ የያዙት አቋም ስለነበረ ነው። ይቺን ያዙልኝ፦ እውቀትን መደርደር ራሱ እውቀት ነው። የት እንደተቀመጠ ያልታወቀ ነገር፣ የለም ከማለት ብዙ አይለይም።

*

አሁን ባሕር እንሻገር። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ አለ። የኦሪገን ሰው ነው። በ1994 አንድ ችግር ይዞት ነበር፤ የሙያ ጓደኞቹ በየቦታው የሚያውቁትን የአሠራር ዘዴ እንዴት አድርጎ አንድ ቦታ ይሰብስበው? ሁሉም ለእሱ እየላኩለት እሱ ብቻ ከለጠፈው አይዘልቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ከግርጌው "አርም" የሚል ማያያዣ እንዲኖረው አደረገ። ያነበበው ሰው ሁሉ እዚያው ገብቶ መጻፍ ይችላል። በመጋቢት 1995 ለሰው ክፍት ሆነ።

ስሙን ያገኘው ከሃዋይ ነው። ሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ተሳፋሪ የሚያመላልሰው አውቶቡስ "ዊኪ ዊኪ" ይባላል፤ በሃዋይኛ ቶሎ ቶሎ እንደማለት ነው። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው "ዊኪ" የሚለው ቃል ከአንድ አውቶቡስ የመጣ ነው።

በዚያ ዊኪ ውስጥ ሁለት ነገር በጣም ይገርመኛል። አንደኛው፣ ገና ያልተጻፈ ገጽን በጽሑፍህ ውስጥ ከጠቀስክ ከቃሉ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይመጣል። ማለትም ያላወቅከው ነገር ይታያል፤ "እዚህ ጋ ሰው ያስፈልጋል" ብሎ ይጣራል። ዛሬ በዊኪፔዲያ ቀይ ሆኖ የምታዩት ማያያዣ የዚያ ልጅ ነው። ሁለተኛው፣ ሰዎቹ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለ ቶሎ ነቁ። አንዱ የውይይት ነው፤ አንተ ትላለህ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ሌላው ይጨምራል። ሁለተኛው የሰነድ ነው፤ ውይይቱ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፍሬውን ይለቅማል፣ የተደጋገመውን ያወጣል፣ ማንም አንብቦ እንዲገባው አድርጎ ይጽፈዋል። ይሄኛው ሥራ ጭብጨባ የለውም። ካልተሠራ ግን ገጹ ያው እንደ እኛ የአስተያየት ሰልፍ ሆኖ ይቀራል።

*

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ የብዙ ሰው ስም ያለበት ነው። በመጋቢት 2000 ጂሚ ዌልስ የሚባል ነጋዴ "ኑፒዲያ" የሚል የነፃ ኢንሳይክሎፒዲያ ፕሮጀክት አስጀመረ። ዋና አዘጋጅ አድርጎ የቀጠረው ላሪ ሳንገርን ነው፤ የፍልስፍና ሰው ነው። ሐሳቡ ሲታይ ጥሩ ነበር። የሚጽፉትና የሚገመግሙት በሙያቸው የተመሰከረላቸው፣ በተቻለ መጠን ባለ ዶክትሬት ይሁኑ ተባለ። አንድ ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ ሰባት ደረጃ ያልፋል፤ ምደባ፣ ገምጋሚ ፍለጋ፣ ዋና ግምገማ፣ ክፍት ግምገማ፣ ሁለት ዙር የቋንቋ እርማት፣ ከዚያ የመጨረሻ ማጽደቂያ።

ውጤቱስ? በ2003 ሲዘጋ ያጸደቃቸው ጽሑፎች ከ30 አይበልጡም ነበር።

በጥር 2001 መጀመሪያ ላይ ሳንገር ከአንድ ወዳጁ ጋር ራት ሲበላ ስለ ዊኪ ሰማ። ለኑፒዲያ ረቂቅ ማዘጋጃ ይሆናል ብሎ ሞከረው። የኑፒዲያ ሊቃውንት ግን ስማቸው ከእንዲህ ያለ ክፍት ነገር ጋር እንዲነካካ አልወደዱትም። ስለዚህ ለብቻው በሌላ ስም ጥር 15 ቀን 2001 ተከፈተ። ስሙ ዊኪፔዲያ ተባለ። በዓመቱ ገጾቹ ወደ 20 ሺህ ደረሱ።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው "ሊቃውንት ተሸነፉ፣ ሕዝብ አሸነፈ" ብሎ ይተርከዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ኑፒዲያ ጥራቱን የጠበቀው በር ላይ ነው፤ ማንም ሳይፈተሽ አይገባም። ዊኪ ደግሞ በሩን ከፈተና ፍተሻውን ከገባ በኋላ አደረገው። ፍተሻው አልቀረም፤ ጊዜውና ሠሪው ነው የተቀየረው። ያ 20 ሺህ ገጽ ደግሞ ቁልል ነበር። ቁልሉን ኢንሳይክሎፒዲያ ያደረጉት ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስለ አንድ ነገር የተጻፉ ሁለት ገጾችን አዋሐዱ፣ አንዱን ስም ወደ ሌላው መሩ፣ ከየትም የማይደረስባቸውን "ወላጅ አልባ" ገጾች ከዘመዶቻቸው ጋር አገናኙ። ገጾችን በዘርፍ የሚያስቀምጠው የ"መደብ" አሠራር እንኳን የመጣው በ2004 ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ሰዎቹ ዝርዝር በእጃቸው እየሠሩ ነበር የሚያደራጁት።

*

"እሺ፣ እሱ ለሕዝብ ነው፤ ምሁራንስ?" የምትሉ አትጠፉም። ደህና ጥያቄ ነው።

ምሁራን ብዙ ሞክረዋል። በ2006 ዩጂን ኢዢኬቪች የሚባል የነርቭ ሳይንስ ሰው "ስኮላርፒዲያን" መሠረተ። እዚያ እያንዳንዱ ጽሑፍ ባለቤት አለው። በጉዳዩ የታወቀ ሊቅ ተጋብዞ ይጽፈዋል፣ ይገመገማል፣ ስሙ ይሰፍርበታል። ሌላ ሰው ማረም ይችላል፤ እርማቱ የሚወጣው ግን የገጹ ጠባቂ ሲፈቅድ ነው። ሳንገርም ከዊኪፔዲያ ወጥቶ "ሲቲዘንዲየም" የሚባል ሌላ ዊኪ ከፈተ፤ በእውነተኛ ስም ብቻ የሚጻፍበት፣ ሊቃውንት የመጨረሻ ቃል ያላቸው። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው የተነሱት፦ ምሁር የሚኖረው በስሙ ነው፤ ስም በሌለበት ለምን ይደክማል?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለዕድገት ሲያመለክት "የ200 ገጾችን ማያያዣ አስተካክያለሁ" ቢል ማን ይሰማዋል? የሚቆጠርለት በጆርናል ያሳተመው ነው።

ሆኖም ሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ አንድ የተለየ ነገር ተፈጠረ። በ2008 መጨረሻ ላይ "ኤንላብ" የሚባል ዊኪ ተከፈተ። ዑርስ ሽራይበርና ጓደኞቹ ናቸው የጀመሩት። ካቴጎሪ ቲዎሪ በሚባለው የሒሳብ ዘርፍና በዙሪያው ያለውን ነገር የሚመዘግቡበት ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ እንሁን አላሉም፤ የጋራ የቤተ ሙከራ ደብተር ነው የሚሉት። ያልበሰለም ሐሳብ ይገባበታል። ዛሬ ገጾቹ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው።

ይህ ደብተር ሳይበታተን የቆየው በሁለት ቀላል ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ገጾች አንድ ዓይነት አቀማመጥ አላቸው፦ መጀመሪያ ሐሳቡ በተራ ቋንቋ፣ ከዚያ ትርጓሜው፣ ጠባዩ፣ ምሳሌው፣ ተዛማጅ ገጾች፣ መጨረሻ ላይ ምንጭ። አዲስ የመጣ ሰው የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ አይቶ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ገጽ ላይ ቁም ነገር ያለው ለውጥ ያደረገ ሰው ወጣ ብሎ በመወያያ ቦታቸው "ይሄን ለውጫለሁ፣ ምክንያቴ ይሄ ነው" ብሎ ያሳውቃል። ጎረቤት አጥር ሲነካ ጎረቤቱን እንደሚያስታውቀው ማለት ነው። ሰው ሳይነግሩት ሲለወጥበት ነው የሚጣላው።

*

አሁን ደግሞ እኔን በጣም የሚማርከኝ ታሪክ።

በጥር 2009 የካምብሪጁ ቲሞቲ ጋወርስ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ብዙ ሰው ተሰብስቦ፣ በአደባባይ፣ አንድ የሒሳብ ችግር አብሮ መፍታት ይችላል ወይ? ጋወርስ በሒሳብ ትልቁን የፊልድስ ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ነው። የመረጠው ችግር የመስመር ጨዋታን ይመስላል፤ ሦስት በአንድ መስመር የምናሰልፍበትን ማለት ነው። ልዩነቱ ሰሌዳው ብዙ አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። ውጤቱ በ1991 በሌላ ከባድ መንገድ ተረጋግጧል፤ እሱ የፈለገው ቀለል ያለ አዲስ ማረጋገጫ ነበር። ፕሮጀክቱ "ፖሊማዝ" ተባለ።

በ37 ቀን ውስጥ 27 ሰዎች ወደ 800 የሚጠጋ አስተያየት ጻፉ። ከነሱ መካከል ሌላው የፊልድስ ተሸላሚ ቴሬንስ ታኦ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪም ነበረበት። ተሳካላቸው። ጽሑፉ "ዲ ኤች ጄ ፖሊማዝ" በሚል የጋራ ስም በ2012 በታላቁ የሒሳብ ጆርናል ወጣ።

ግን አስቡት እስኪ፤ 800 አስተያየት! ዛሬ የሚገባ ሰው ከየት ይጀምር? ለዚህ ነው ከውይይቱ ጎን ዊኪ የተከፈተው። አስተያየቶቹ ቁጥር ነበራቸው፤ ጥሩ ሐሳብ ብቅ ሲል አንድ ሰው ወደ ዊኪው ወስዶ በራሱ ገጽ ያሰፍረዋል፣ ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ ይጠቁማል። ውይይቱ ወንዙ ነበር፣ ዊኪው ማጠራቀሚያው።

አራት ዓመት ቆይቶ ይሄው ልማድ በጣም ጎልቶ ታየ። በግንቦት 2013 ዪታንግ ዣንግ የተባለ፣ እስከዚያ ብዙ ሰው የማያውቀው መምህር፣ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የዋና ቁጥሮች ጥንዶች መጨረሻ እንደሌላቸው አረጋገጠ። 70 ሚሊዮን ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ምንም ገደብ አልነበረም። ወዲያው ፖሊማዝ ተሰበሰበና ቁጥሩን ወደ ታች ማውረድ ጀመረ። ዊኪው ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተከፈተ፦ ቀን፣ ቁጥር፣ ማን እንዳወረደው፣ በምን ዘዴ። በሁለት ወር ውስጥ 4,680 ደረሰ። በኅዳር ጄምስ ሜይናርድ የሚባል ወጣት በሌላ መንገድ 600 አደረሰው። በሚያዝያ 2014 ደግሞ ተባብረው 246 ላይ አቆሙት።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔ የማደንቀው የሰንጠረዡን ሥርዓት ነው። ገና ያልተረጋገጠ ቁጥር አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አለው። ስህተት ሆኖ የተገኘውን ቁጥር ደግሞ አልሰረዙትም፤ በመሃሉ መስመር አሰመሩበትና እዚያው ተዉት። የሚመጣው ሰው የተሳሳተውንም መንገድ ያያል፤ ደግሞ እዚያ ጉድጓድ አይገባም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? አይመስለኝም። የአንድምታ መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩ። መምህራኑ አንዱን ንባብ ይፈቱና "አንድም" ብለው ሌላ ፍች ያመጣሉ፤ ደግሞ "አንድም" ይላሉ። የአንዱን መምህር ሐሳብ ለማስገባት የሌላውን አያጠፉም። የማን እንደሆነ ስሙ ባይታወቅም ሐሳቡ በተራው ተደርድሮ ለተማሪው ይደርሳል። በትውልድ ብዛት የተሠራ፣ ብዙ እጅ የነካው፣ ግን ሥርዓት ያለው የጋራ ድርሰት ነው።

*

ታዲያ እኛ ዛሬ የት ነን?

ስለ አገራችን የተሠራውን ትልቅ የምሁራን ሥራ እንመልከት። "ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ" በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ ወጣ። ድንቅ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋውም ለአንድ ተማሪ የሚቀመስ አይደለም። እዚያው ሐምቡርግ ከ2016 ጀምሮ "ቤተ መጻሕፍት" የሚባል የብራና መጻሕፍት ካታሎግ በኢንተርኔት እየተሠራ ነው። ፋይሎቹ ክፍት ናቸው፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይታያል። ይህም ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ለባለሙያ ነው፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው።

በአማርኛስ? የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ አካባቢ ገጾች አሉት። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። "ሰው ስለማይጽፍ ነው" እንላለን። እኔ ግን ገብቼ ሳየው ጎልቶ የታየኝ የጸሐፊ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የአደራጅ እጥረትም ነው። ሁለት መስመር ብቻ ያላቸው ገጾች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ገጽ አንድ ተረትና ምሳሌ ብቻ ይዞ ቆሟል፤ ማለትም አንድ ሰው በፍቅር ሰብስቦ አስገብቶታል፣ ቀጣዩ ሰው መጥቶ ትርጉሙንና አመጣጡን አልጨመረበትም።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። "ኃይለ ሥላሴ" የሚለውን ስም በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያዋን ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ 6። "ሥ" ወይም "ስ"፤ 2። "ሴ" ወይም "ሤ"፤ 2። አንድ ላይ ተገጥሞ ወይም ተለያይቶ፤ 2። አባዙት፤ 48 ይሆናል። ለእኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ገጹ በአንዱ አጻጻፍ ተጽፎ እናንተ በሌላው ብትፈልጉት "የለም" ልትባሉ ትችላላችሁ። የለም የተባለው ሰው ደግሞ አዲስ ይጽፋል። አሁን ስለ አንድ ንጉሥ ሁለት ግማሽ ገጽ አለን ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሌላው አጻጻፍ ወደ ዋናው ገጽ የሚመራ አንድ መስመር። የአንድ ደቂቃ ሥራ! የሚሠራው ሰው ነው የጠፋው።

ሁለተኛው ጣጣ ዘመን አቆጣጠር ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ሳያስተውል "1896 ዓ.ም." ብሎ ቢጽፍ ጦርነቱን ስምንት ዓመት አራቀው። ሌላው ከዚያ ይገለብጣል፣ ሦስተኛው እዚህ ይለጥፋል፣ ከዚያ በስክሪንሾት ይዞራል። ከዚያ እኛ "የታሪክ ውሸት" እየተባባልን እንሰዳደባለን። የጠቡን ግማሽ የሚያመጣው ክፋት ሳይሆን ያልተጻፈ "እ.ኤ.አ." ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ትንሽ ድርሻ ግን አለው።

ጠብ ካነሳን አይቀር፤ ታሪካችን ላይ እንደምንጣላ የታወቀ ነው። ዊኪ ከጠብ አያድንም፤ እዚያም ይጣላሉ። ልዩነቱ ግን አለ። እያንዳንዱ ገጽ "ውይይት" የሚባል ጀርባ አለው፤ ጠቡ እዚያ ይሄዳል። ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳይ ታሪክ አለው፤ የጠፋ ነገር ይመለሳል። ሁለት ወገን ካለ ሁለቱም ምንጩን ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ግን ያሸነፈ የሚባለው ብዙ ላይክ ያገኘው ነው፤ በሦስተኛው ቀን አሸናፊም ተሸናፊም አብረው ይቀበራሉ።

ሁሉን ለምልሞ የሚኖር አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ያ የመጀመሪያው የከኒንግሃም ዊኪ ራሱ ዛሬ አይጻፍበትም። የሚያበላሹት ሰዎች በዙና ከ2015 ጀምሮ ለማንበብ ብቻ ሆነ። ሲቲዘንዲየምም መሥራቾቹ ያሰቡትን ያህል አልሆነም። ክፍት ቤት የሚጠርገው ካልኖረ ይዘጋል። የጋራ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው፤ የዕድር ድንኳን እንኳን ጠባቂ አለው።

*

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ለመመረቂያ ጽሑፏ የሚሆነውን የመጽሐፉን መረጃ በድጋሚ ጽፌ ላክሁላት። ከላኩላት በኋላ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። ለእሷ ብቻ ነው የላክሁት። ነገ ሌላ ተማሪ ይጠይቀኛል፤ ከነገ ወዲያ እኔም አልኖርም ይሆናል።

ስለዚህ በዚያው ምሽት ያንኑ ጽሑፍ አሳጥሬ፣ ቅጽሉን ሁሉ አውጥቼ፣ ዓመቶቹን ከመጽሐፉ ፊት አይቼ፣ በዊኪ ገጽ መልክ አዘጋጀሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚህ ለመጻፍ አንድ ሰዓት የሚፈጅብኝ ነገር እዚያ አራት ሰዓት ፈጀብኝ። "ታላቁ ሊቅ" ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምንጭ አለህ ወይ ይላል። "እንደሚባለው" ብዬም ማለፍ አልቻልኩም፤ ማን ነው የሚለው ይላል። ስሜም የለበትም። መጀመሪያ ከፋኝ። ቆይቶ ግን እነዚያን ሦስት ሰዎች አሰብኩ። ደስታ ተክለ ወልድ ያን ሁሉ ወረቀት ሲያዘጋጁ ሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የመምህራቸው ስም እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ከእናንተ ብዙ አልጠይቅም። አዲስ ገጽ ጻፉ አልልም። አንዱን ያለ ገጽ ውሰዱ። የአጻጻፍ መሪ መስመር ጨምሩ፣ ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሉ፣ አንድ ምንጭ አስገቡ፣ ወደ ዘመዱ ገጽ አያይዙት። ያልተረጋገጠውን "ይጣራ" በሉበት። እዚህ የምትጽፉትን መጻፍ ቀጥሉ፤ እኔም አልተውም፤ ወሬ እወዳለሁ። ፍሬ የያዘውን ግን ለቅማችሁ ሰው በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስህተቴን ያረሙኝ አባት፣ ይሄን ካነበቡ እባክዎ ይጻፉልኝ። እርማትዎ ጠፍቶብኛል፤ በዚህኛው ጊዜ እንዳይጠፋ ገጹ ላይ አስገባዋለሁ።

ቸር ያሰንብተን።